የአነስተኛ ነጋዴዎች ሥልጠናን በተመለከተ ምክር እሻለሁ

ለአነስተኛ ንግድ ባለቤቶች የሥራ ፈጠራ ሥልጠና የምትሰጡ ሁሉ፣ እባካችሁ እርዱኝ።

ሠልጣኞቼ ክፍል ውስጥ ጎበዞች ናቸው፤ ወጪና ገቢ ይለያሉ፣ ትርፍ ያሰላሉ። ሥራ ቦታቸው ሄጄ መዝገቡን ስገልጥ ግን የሽያጩ ዓምድ ተሞልቶ የወጪው ባዶ ነው። ለልጆች ደብተር መግዣ የታሰበው ገንዘብም ከዕቃ መግዣው ጋር በአንድ መሳቢያ ተቀላቅሏል። ስንፍና ነው ብዬ አላምንም። ቀኑን ሙሉ ደንበኛ ሲያስተናግድ የዋለ ሰው ማታ ቁጥር ለመጻፍ ጉልበት ከየት ያመጣል?

በዶሚኒካን ሪፐብሊክ የተደረገ ጥናት፣ ሙሉ የሒሳብ አያያዝ ከማስተማር ይልቅ እንደ የቤትንና የንግድን ገንዘብ ለየብቻ ማስቀመጥ ያሉ ቀላል ደንቦች የተሻለ ውጤት እንዳመጡ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው የቶጎ ጥናት ደግሞ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይስበኛል። በ1,500 አነስተኛ ድርጅቶች ላይ ሲሞከር፣ በግል ተነሳሽነት ላይ ያተኮረው ሥልጠና (ባለቤቱ ሌላ ሰው ሳይጠብቅ ራሱ አዲስ ዕድል እንዲፈልግ፣ አስቀድሞ እንዲያቅድና በእንቅፋት እንዳይበገር የሚያለማምደው) ትርፍን 30 በመቶ ገደማ አሳድጓል፤ የተለመደው የንግድ ሥልጠና ግን ያን ያህል አስተማማኝ ለውጥ አላስገኘም።

ያለኝ ጊዜና በጀት ለአንዱ ብቻ ይበቃል። የትኛውን ልምረጥ? ሁለቱንም የሞከራችሁ ካላችሁ፣ ከሥልጠናው በኋላ ክትትሉን ማን፣ በየስንት ጊዜው ያደርግ ነበር? ማንበብ ለማይችሉትስ ምን ተጠቀማችሁ? ያልተሳካላችሁንም ጭምር ንገሩኝ፤ እነዚህ ሰዎች የሚመጡት ሥራቸውን ዘግተው፣ የዕለት ገቢያቸውን ትተው ነው።