ሄልሜት ያደረገውን ሰው «አንተ» ልበለው «አንቺ»?

ባለእርሳስ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጆች አማርኛ ማንበብ እንዲለማመዱበት ብዬ አጫጭር የእንግሊዝኛ ኮሚክሶች እየተረጎምኩ ነው። ባለ አራት ሥዕል ናቸው፣ ስጀምር ቀላል መስለውኝ ነበር። አንዱ ላይ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ተቸንክሬ ቀረሁ። ትራፊክ ፖሊስ በፍጥነት የሚበር ሞተር ያስቆማል። ነጂው ሄልሜት አድርጓል፣ ፊቱ አይታይም። ትራፊኩ ይጮህበታል። አራተኛው ሥዕል ላይ ሄልሜቱ ሲወልቅ የገዛ እናቱ ናት! እንግሊዝኛው «ዩ» ብሎ ይገላገላል፣ ወንድ ይሁን ሴት አያሳብቅም። እኔ «ታውቂያለሽ» ካልኩ ቀልዱ ሁለተኛው ሥዕል ላይ ሞተ። «ታውቃለህ» ካልኩ አንባቢውን የዋሸሁት መሰለኝ። ስለዚህ «በስንት እየነዱ እንደነበር ያውቃሉ?» ብዬ ጻፍኩ። ሲነበብ ግን ትራፊኩ የባንክ ቤት ሠራተኛ ሆኖ ቁጭ! ምን ትላላችሁ?

ቀይ እስክሪብቶ፦
ወንድሜ፣ ምኑ ነው ውሸቱ? የሚናገረው እኮ ትራፊኩ ነው፣ አንተ አይደለህም። ፊቱን የሸፈነ፣ ሞተር የሚያስጋልብ ሰው ሲያይ ወንድ ነው ብሎ ይደነፋል። ስህተቱ የሱ ነው፣ ለሱ ተውለት። «አንተ! ሞተር ነው አውሮፕላን የምትነዳው?» ይበል። ሄልሜቱ ሲወልቅ ደግሞ «እማ... አንቺ ነሽ?» እንግሊዝኛው በ«ዩ» ጀምሮ በ«ዩ» ነው የሚጨርሰው፣ ያንተ ግን በአንዲት ቃል ትራፊኩን ከአለቃነት አውርዶ ልጅ ያደርገዋል። «እርስዎ»ን ሰርዘው።

የጓዳ ድመት፦
ትክክል። ትርጉም ሁሌ ከዋናው ያንሳል ያለው ማነው? አስቴሪክስ የሚባለውን ኮሚክ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ የመለሱት አንቲያ ቤልና ዴሪክ ሆክሪጅ፣ ኢዴፊክስ የሚባለውን ትንሽ ውሻ ዶግማቲክስ አሉት። ፈረንሳይኛው ከጭንቅላት አልወጣ ባለ ሐሳብ ላይ የተሠራ ቀልድ ነው። እንግሊዝኛው ያንን ግትርነት ያዘና በዛ ላይ «ዶግ»ን ጨመረበት። ውሻው በስሙ ውስጥ ገባ ማለት ነው።

ሌላ ነገር፣ የፍሬኑን ድምፅ ምን አልከው? «ስክሪች» ብለህ በፊደል እንዳትገለብጠው። «ሲጢጥጥጥ!» በለው። ወደቀ ለማለትም «ዘጭ!» አለልህ፣ አማርኛ በድምፅ ቃል ሀብታም ነው።

ቁም ነገር፦
እኔን ያስቸገረኝ የግስ ቦታ ነው፣ መጨረሻ ላይ መምጣቱ። እኔ በተረጎምኩት ኮሚክ ላይ አንድ ልጅ ደረቱን ነፍቶ ማንንም እንደማይፈራ ይናገራል፣ ከዛ እናቱን በር ላይ ያያታል። መጀመሪያ «ከእናቴ በቀር ማንንም አልፈራም» ብዬ ጻፍኩት። ሰዋስዉ ልክ ነው፣ ግን ማንም አልሳቀም፣ ምክንያቱም እናትየዋ ከመድረሷ በፊት ስሟ ተጠርቷል። ሲታረም ሁለት ቦታ ከፈልኩት። ሦስተኛው ሥዕል ላይ «ማንንም አልፈራም!»፣ አራተኛው ላይ በትንንሽ ፊደል «...ከእማዬ በቀር»። አለቀ።

ደግሞ ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። ድመት ዓሣ ፊት ተቀምጣ «ይበላል?» ስትል፣ ሌላ ድመት መብላቱን ትጠይቅ ዓሣው መበላቱን፣ የሚነግርህ ሥዕሉ ብቻ ነው። ሥዕሉ ካልነገረህ ቃሉን ቀይር። ለማንኛውም ላላየው ሰው ጮክ ብለህ አንብብለት።

ባለእርሳስ፦
ኧረ ተባረኩ! እንዲህ አድርጌዋለሁ።
2ኛ፦ «አንተ! ሞተር ነው አውሮፕላን?»
3ኛ፦ «መንጃ ፈቃድ! አውልቅ ሄልሜቱን!»
4ኛ፦ «እማ... አንቺ ነሽ?» እናትየዋ፦ «ቤት እንገናኝ።»
እንግሊዝኛው ላይ እናትየዋ ረጅም ንግግር ነበራት፣ ሙሉውን አወጣሁት። «ቤት እንገናኝ» የተባለ ልጅ ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም።

@ቀይ እስክሪብቶ፣ @የጓዳ ድመት፣ @ቁም ነገር፦ በነገራችን ላይ ሴት ነኝ። ሄልሜት አላደረግኩም፣ ሦስታችሁም ግን «አንተ» ብላችሁኛል 😂

ቀይ እስክሪብቶ፦
ይቅርታ እህቴ፣ ትራፊኩ እኔው ነኝ ለካ 🙈 ግን አንድ ጥያቄ፣ እኛ ቤት እናት «አንቺ» አትባልም፣ «እርስዎ» ናት። እንደኛ ያደገ ልጅ ሲያነበውስ?

ባለእርሳስ፦
ያማ ይብስበታል! «አንተ» ሲላት ቆይቶ «እማማ፣ እርስዎ ነዎት?» 😂 ቆይ እሱንም ልሞክረው።