በአፈሙዙ የሚጎርስ ጠመንጃ ከነባሩድ ቀንዱ፦ ልወልውለው? ዋጋውስ በምን ይታወቃል?

የፒያሳ ልጅ፦
ሰላም ለቤቱ። ፒያሳ ካለ የውርስ ቤት በአፈሙዙ የሚጎርስ ጠመንጃ ወጥቷል። ቃታው (የሚመታው መዶሻ) ሥር ባለው ብረት ላይ ዘውድና በላቲን ፊደል «ታወር» የሚል ጽሑፍ አለ። በርሜሉ 99 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከእንጨቱ ጋር የታሰረው በሦስት ቀለበት ነው። አብረውት የባሩድ ቀንድ፣ የአረር ማፍሰሻ (እርሳስ ቀልጦ የሚፈስበት ቅርጽ) እና የቆዳ ዝናር አሉ። ቸርችል ጎዳና ያለ አንድ ነጋዴ «በብርጭቆ ወረቀት አስፈትገህ፣ ቫርኒሽ አስቀብተህ አምጣው» ይላል። ምን ትመክራላችሁ?

ባልጩት፦
ከሁሉ በፊት ጎርሶ (ባሩድና አረር ተሞልቶ) እንደሆነ እወቅ። ጥቁር ባሩድ እርጥበት ካልነካው መቶ ዓመት ቆይቶም ይቀጣጠላል። መጀመሪያ ጡቱ (ከቃታው ሥር ያለችው ቀዳዳ ያላት ትንሽ ብረት) ላይ ካፕሱል (ሲመታ እሳት የሚሰጥ ቆብ) አለመኖሩን እይ። ከዚያ ፊትህን ከአፈሙዙ አርቀህ ቀጭን ቀጥ ያለ እንጨት እስኪቆም ቀስ ብለህ አስገባ፤ አፉ ጋ ምልክት አድርግበትና አውጥተህ በበርሜሉ ጎን በውጭ በኩል ለካው። ጫፉ ጡቱ አጠገብ ከደረሰ ባዶ ነው። 3 ወይም 4 ሳንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ካጠረ፣ ጨርቅ ወይም ቆሻሻ ሊሆን ቢችልም፣ ጎርሷል ብለህ ያዘው። ማሞቅ፣ መሰርሰር፣ በብረት መጎርጎር የለም። ውሃ ሙላበትና ለጦር መሣሪያ ባለሙያ ስጥ።

ቃታውን ባዶ ጡት ላይ አትልቀቀው፣ ጡቱን ያደቀዋል። በአውራ ጣትህ ይዘህ መልሰው። ሲሳብ ሁለት ጊዜ መንቀጭ አለበት፤ በመጀመሪያው ላይ ቆሞ ምላጩ ሲነካ ከወደቀ የውስጥ ጥርሱ ተበልቷል፣ ዋጋውም ይቀንሳል።

ሰደፍ፦
በርሜሉና ሦስቱ ቀለበቶች የ1853 (እ.ኤ.አ.) ኤንፊልድ የተባለውን የእንግሊዝ ጠመንጃ ያስመስሉታል። «ታወር» ብቻውን ግን የእንግሊዝ ጦር ዕቃ መሆኑን አያረጋግጥም። ከዘውዱ ሥር የንግሥት ቪክቶሪያ ሁለት ፊደላት (ቪ እና አር)፣ ብረቱ ላይም የመንግሥት ቀስት ምልክት ካሉ የጦሩ ነው ለማለት ይቀርባል። ከሌሉ ለንግድ የተሠራ ሳይሆን አይቀርም።

የበርሜሉን ግራ ጎን ከቃታው አጠገብ ተመልከት። «25» የሚል ቁጥር ካየህ የአፈሙዝ ስፋት ልክ ነው፤ ከአንድ ፓውንድ (453.6 ግራም) እርሳስ ስንት ክብ አረር እንደሚወጣ ይናገራል። አፈሙዙ 0.577 ኢንች በሆነ ኤንፊልድ ላይ ይህ ቁጥር የተለመደ ነው። በእንቁላል ቅርጽ ውስጥ ኢ፣ ኤል እና ጂ ፊደላት ካሉ ግን በቤልጂየም ሊዬዥ ከተማ የተፈተነ ነው። ከቃታው ፊት በቀኝ በኩል በማጠፊያ የሚከፈት ብረት ካለውስ? ያ ስናይደር ነው፤ ከኋላ ነው የሚጎርሰው፣ ዋጋውም ለብቻ ይታያል።

የእንግሊዝ ጦር አዛዡ ናፒየር በ1868 (እ.ኤ.አ.) ከመቅደላ ሲመለስ ለበዝብዝ ካሣ (ለኋላው አፄ ዮሐንስ አራተኛ) መሣሪያ ትቶ ስለነበር ሻጭ ሁሉ «የመቅደላ ነው» ይላል። ወረቀት፣ የቆየ ፎቶ ወይም እንጨቱ ላይ የተቀረጸ ስም ከሌለ በወሬው ላይ ብር አትጨምርለት።

ቆዳና ቀንድ፦
ነጋዴው ተሳስቷል፣ አትስማው! የብርጭቆ ወረቀት፣ ከላይ «ሰደፍ» የጠቀሰውን ማኅተም (በብረቱ ላይ የተመቱትን ፊደላትና ምልክቶች) ይበላዋል፤ ማኅተም ከሄደ ሰብሳቢም ይሄዳል። ጣት ላይ የሚቀረውን ቀይ ዝገት ብቻ በልብስ ስፌት መኪና ዘይትና በለስላሳ ጨርቅ አንሳ። ጠቆር ያለውን ቡናማ ተወው፣ ዕድሜው እሱ ነው። ቫርኒሽም አይነካውም።

ዝናሩን ቅቤ እንዳታስቀባው። ቅቤ ቆዳውን ያጠቁረዋል፣ አቧራና ሻጋታም ይሰበስባል። በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ጥረግና ሳታጥፍ አስተኛው። ቀንዱን ከእሳትና ከሲጋራ ርቀህ ክፈት፤ ሥሩ ላይ ባሩድ አይጠፋም። የአረር ማፍሰሻውን ጉድጓድና አፈሙዙን በካሊፐር ለካ፤ ጉድጓዱ በትንሹ ካልጠበበ የዚህ ጠመንጃ አይደለም። ልኩ ከገጠመ ሁሉን ባንድ ላይ ሽጥ፤ ተነጣጥለው ከሚያወጡት ይበልጣል።

ባልጩት፦
የሱቅ መጠየቂያ ዋጋ አያታልህ፤ በጨረታ ተሽጦ ያለቀ ተመሳሳይ ዕቃ ፈልግ፣ ኮሚሽኑንም ለይ። ጠመንጃውን ግን ተሸክመህ ከሱቅ ሱቅ አትዙር። የጦር መሣሪያ አዋጅ 1177/2012 ስላለ መጀመሪያ ፖሊስ ጠይቅ፤ በቅርስ አዋጅ 209/1992 መሠረትም ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ለጊዜው የማኅተሞቹን፣ የጡቱንና የአፈሙዙን ፎቶ ቀን በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ ማስመሪያ አጠገቡ አስቀምጠህ ለጥፍ። የበርሜሉን ግራ ጎን እንዳትረሳ።