ያገለገለ የፈረስ ትሬለር፦ የበሰበሰ ወለል ላይ ኮምፔርሳቶ መደረብ ይበቃል?

የሉደኗ እናት
ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ቨርጂኒያ፣ ሉደን ካውንቲ ነው። ለልጃችን ባዝራ ሁለት ፈረስ የሚይዝ ያገለገለ ትሬለር ገዛን። አካሉ ብረት፣ ወለሉ ጣውላ ነው፤ ላዩ ላይ ወፍራም የጎማ ምንጣፍ አለው። ልናጥበው ምንጣፉን ስናነሳ በቀኝ በኩል ያሉት ጣውላዎች ጠቁረው አገኘናቸው፤ በካቻቢቴ ስወጋቸው እየተፈረከሱ ገባ። የግራዎቹ ግን ደህና ይመስላሉ። ባለቤቴ «ኮምፔርሳቶ ደርበንበት ምንጣፉን እንመልስ» ይላል። ባዝራዋ ወደ 1,100 ፓውንድ ትመዝናለች። ይበቃል ትላላችሁ? ካልበቃስ ራሳችን መቀየር እንችላለን?

የእንጅባራው በያጅ
እህቴ፣ እባክሽ ኮምፔርሳቶውን ተዪው። እኔ ያደግሁት አዊ ውስጥ ነው፤ ጥር 23 የፈረስ በዓላችን ሲደርስ ፈረሱ በእግሩ ነበር ወደ ሜዳ የሚሄደው። አሁን ቴክሳስ በብየዳ ነው የምተዳደረው፤ እንዳንቺ ዓይነት ትሬለር ብዙ ይመጣልኛል።

ፈረስ የሚጓዘው ቆሞ ነው። መኪናው ፍሬን ሲይዝ ወይም ሲታጠፍ ሚዛኑን ለመጠበቅ እግሩን ያነሳል ይጥላል፤ ያን ጊዜ አብዛኛው ክብደቱ በአንድ ሁለት ሰኮና ላይ ያርፋል። ጣውላው ከተሰበረ እግሩ እየሄደ ባለው መኪና ሥር አስፋልት ላይ ይወርዳል፤ ሹፌሩም ከፊት ሆኖ ላይሰማው ይችላል። እንዲህ ያለ አደጋ እዚህ አገር ደርሷል። ስለዚህ ነው የማጠብቅብሽ።

ኮምፔርሳቶ ስስ እንጨት በሙጫ ተደራርቦ የተሠራ ነው፤ ሽንት ሲጠጣ ይላቀቃል፣ ውሃም አያሳልፍም። ደግሞ የታችኛውን ብስባሽ ይሸፍንብሻል፤ እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

የግራውንም አታስቀሪው፣ ሙሉውን አውጡት። ምክንያቱም ዋናው ጥያቄ እንጨቱ አይደለም፣ ከሥሩ ያሉት አግዳሚ ብረቶች ናቸው። ሽንቱ በጣውላው መሃል ወርዶ እነሱ ላይ ነው የሚያርፈው። በተለይ የጣውላው ጫፍ ከፊትና ከኋላ የሚገባበት ጠርዝ ፋንድያና እርጥበት ይዞ ስለሚቆይ ቀድሞ የሚበላው እሱ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት ጎማዎቹን በታኮ ያዙ፣ በክሪክ ብቻ የቆመ ነገር ሥርም ማንም እንዳይገባ። የመብራቱና የፍሬኑ ሽቦ ብዙ ጊዜ በወለሉ ሥር ስለሚያልፍ መጋዝና ትራፓኖ ከማንሳታችሁ በፊት የት እንዳለ እዩት። የዛገ ብሎን አልፈታ ካለ በግራይንደር ቁረጡት። ከዚያ እያንዳንዱን አግዳሚ በመዶሻ መታ መታ አድርጉት፤ ጠንከር ያለ ድምፅ ከሰጠና የሚረግፈው የላይ ዝገት ብቻ ከሆነ በሽቦ ብሩሽ ጠርጋችሁ፣ አንቲረስት ከዚያም ቀለም ቀብታችሁ በደንብ ይድረቅ። እንደ ቅርፊት በድርብርብ ከተነሳ ወይም የካቻቢቴው ጫፍ ከበሳው፣ ያ ብረት ተቆርጦ በአዲስ ይበየድ። ይሄን ለባለሙያ ስጡት። ጣውላውን ግን ባልና ሚስት ሆናችሁ ትሠሩታላችሁ።

ለእንጨቱ እኔ የምመርጠው ኬሚካል የጠጣ የጥድ ጣውላ ነው፤ «ሁለት በስምንት» የሚባለው፣ ከመሬት ጋር ለሚነካካ ሥራ የተዘጋጀው። ስሙ ሁለት ቢልም ውፍረቱ አንድ ተኩል ኢንች ነው፣ እሱ ይበቃል። ኋይት ኦክ ካገኛችሁ ግሩም ነው። ሬድ ኦክ ግን አትግዙ፤ ቀዳዳው ክፍት ስለሆነ ውሃ ይስባል። አንድ በአንድ አገላብጣችሁ ዓይን ያልበዛበትን፣ ያልጠመመውን ምረጡ። ከፊት ወደ ኋላ ነው የሚነጠፈው፤ ውሃ እንዲወርድ በየመሃሉ ሩብ ኢንች ያህል ክፍተት ይኑር። ከሱቅ ገና እርጥብ ሆኖ ከመጣ ሲደርቅ ስለሚኮማተር አቅርቡት። የተቆረጠውን ጫፍ ኮፐር ናፍተኔት የሚባለውን የእንጨት መከላከያ ቀቡት።

ብሎኑ ወይ አይዝጌ ብረት ወይ በቀለጠ ዚንክ የተነከረ ይሁን። ኬሚካሉ ውስጥ ያለው መዳብ ተራውን ብረት ቶሎ ይበላዋል። የብሎኑም ጭንቅላት እንጨቱ ውስጥ ጠልቆ ይግባ።

ዴንቨር ዳማ
የእኛ ትሬለር ሙሉ በሙሉ አሉሚኒየም ነው። ይሄ ሁሉ አይመለከተንም ማለት ነው?

የእንጅባራው በያጅ
ወንድሜ፣ ይመለከታችኋል። አሉሚኒየም እንደ እንጨት አይበሰብስም እንጂ ሽንት ይበላዋል፤ ነጭ ዱቄት ያወጣል፣ ቆይቶ ነጠብጣብ ቀዳዳ ይሆናል። ምንጣፉን አንሥታችሁ እዩት። ደግሞ መዳብ ያለበትን ጣውላ በቀጥታ አሉሚኒየም ላይ አታስቀምጡ፤ መዳብና አሉሚኒየም እርጥበት መሃላቸው ከገባ አሉሚኒየሙ ይጎዳል። በመሃል የሚለይ ነገር ያስፈልጋል።

ባለ ሰጋቱራ
እኛ ከተፈጨ ጎማና ፕላስቲክ የተሠራውን ጣውላ አስገባን። አይበሰብስም፣ ለፈረሱም አያንሸራትትም። ሰጋቱራ በትንሹ እንበትንበታለን።

የእንጅባራው በያጅ
ጥሩ ነገር ነው፣ አልቃወምም። ግን ከእንጨት ይልቅ ይለምጣል፣ ይከብዳልም። አግዳሚዎቹ ተራርቀው ከሆነ መጨመር ያስፈልጋል፤ ሻጩ ስንት ኢንች ርቀት እንደሚጠይቅ ሳትጠይቁ አትግዙ።

የሉደኗ እናት
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ለባለቤቴ አነበብኩለት፣ ኮምፔርሳቶው ቀርቷል። ሁለት ነገር ልጠይቅዎት፦ አሮጌውን ጣውላ የት እናድርገው? አዲሱንስ ከገባ በኋላ እንዴት እንጠብቀው?

የእንጅባራው በያጅ
አታቃጥሉት። ጭሱም አመዱም መርዝ አለው፤ ከ2004 በፊት የተሠራው ጣውላ ብዙው አርሴኒክ የጠጣ ነበር። የካውንቲው ቆሻሻ መጣያ የት እንደሚቀበለው ጠይቁ። አዲሱን ስትቆርጡም አፍንጫችሁን ሸፍኑ።

አያያዙ ቀላል ነው። ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ፋንድያውን ጥረጉ፣ ሽንት የነካውን በውሃ እጠቡ፣ ከዚያ ምንጣፉን አንሥታችሁ ግድግዳው ላይ አስደግፉት፤ በሩም ክፍት ይሁን። ሳይደርቅ መልሶ ማንጠፍ ነው አሮጌውን የጨረሰው። በየጊዜው ደግሞ ከታች ገብታችሁ በወስፌ ወጋ ወጋ አድርጉት።

እግረ መንገዴን፣ የጎማዎቹን ዕድሜ እዩ። ጎኑ ላይ ያሉት የመጨረሻ አራት ቁጥሮች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይነግራሉ፤ 2315 ካለ የ2015 ሃያ ሦስተኛ ሳምንት ነው። ትሬለር ቆሞ ስለሚውል ጥርሱ ሳያልቅ ጎማው ያረጃል።

ጣውላውን ስታነሱ የአግዳሚዎቹን ፎቶ ለጥፊልኝ፣ በተለይ የፊትና የኋላውን ጠርዝ። እሱን ሳላይ እንጨት ግዢ አልልሽም።