ከአርሚ ወጥቼ ለቨርጂኒያ ምክር ቤት መወዳደር አስቤያለሁ፤ ከየት ልጀምር?

ሰፕላይ34

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሰሜን ቨርጂኒያ ነው። በዲቪ መጥቼ ግሪን ካርዴ እጄ እንደገባ አርሚ ተቀጠርኩ። ፎርት ሊ ሠልጥኜ ስድስት ዓመት ሰፕላይ (ዕቃ አቅርቦት) ላይ ሠራሁ፤ ዘጠኝ ወሩን ኩዌት። ዜግነቴንም ያገኘሁት ወታደር ሆኜ ነው። ከወጣሁ በኋላ በጂአይ ቢል (መንግሥት ለወታደር በሚከፍለው የትምህርት ገንዘብ) ተማርኩና አሁን የፌዴራል መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነኝ።

ባለፈው ዓመት አንዲት ጎረቤቴ ኪራይ ተጨመረባቸው። እንግሊዝኛው ስለሚከብዳቸው ወረቀታቸውን ይዤ ከቢሮ ቢሮ ዞርኩ። ሁሉም ጋ የሚሰጠኝ መልስ አንድ ነው፦ “ሕጉ እንዲህ ነው።” ሕጉ የሚወጣው ደግሞ የቨርጂኒያ ዋና ከተማ ሪችመንድ። በ2027 ለዴሌጌትነት (ለቨርጂኒያ ታችኛው ምክር ቤት አባልነት) ልወዳደር ብዬ ያሰብኩት ያኔ ነው። ኪራይ፣ ደሞዝ፣ ሕክምና ላይ አቋሜ ፕሮግረሲቭ ነው። (ለአባቴ “ተራማጅ” ብዬ ብተረጉምለት ፊቱ ተለዋወጠ። እሱ የሚያውቀው ተራማጅ የስድሳዎቹን ነው።)

ሥራዬን ሳልለቅ መወዳደር እችላለሁ? ወታደር መሆኔስ ይጠቅመኛል ወይስ ሐበሻውን ያስደነግጥብኛል? እናቴ እንደሆነች “ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ” ብላ ጨርሳለች።

አሮጌው ሳጅን

ወንድሜ፣ መጥፎውን ላስቀድም። ሥራህን ይዘህ አይሆንም። ሃች አክት የሚባል የ1939 ሕግ አለ። የፌዴራል ሠራተኛ የፓርቲ እጩዎች በሚቀርቡበት ምርጫ መወዳደር አይችልም። ያለ ደሞዝ ፈቃድ ብትወስድም ያው ነው። እንደ ፌርፋክስና አሌክሳንድሪያ ባሉ የዲሲ አካባቢዎች ለከተማ ወይም ለካውንቲ ወንበር በግል መቅረብ ይፈቀዳል። ለሪችመንድ ግን አይሠራም። እኔ ፖስታ ቤት ነበርኩ፤ ለቀቅኩ።

ለቅቄ ምን አገኘሁ? በ2023 ፕራይመሪ (ፓርቲው እጩውን የሚለይበት ምርጫ) ላይ ተሸነፍኩ። ብመረጥም ያን ጊዜ የዴሌጌት ደሞዝ በዓመት 17,640 ዶላር ነበር። ጉባኤው በጃንዋሪ ይከፈታል፤ በሙሉ ቁጥር ዓመት 60 ቀን ነው፣ በጎዶሎው ያጥራል። ያን ሁሉ ቀን ሪችመንድ ስትከርም የትኛው አለቃ ይታገሥሃል? እዚያ ጠበቃ የበዛው ለዚህ ይመስለኛል። ደግሞ ቨርጂኒያ ውስጥ ለእጩ የሚሰጥ ገንዘብ ጣሪያ የለውም። ሀብታም የፈለገውን ያህል ቼክ ይጽፋል። እኔ ከዕድርተኛው ሃያ አምስት ሃያ አምስት ዶላር ስለቃቅም ነበር።

ስለ ዩኒፎርሙ ልንገርህ፤ እዚህ ላይ ተሳስቻለሁ። ፎቶዬን በራሪ ወረቀቱ ላይ ትልቅ አድርጌ አወጣሁት። ከሥሩ “የመከላከያ መሥሪያ ቤቱን ድጋፍ አያመለክትም” የሚለውን መስመር አልረሳሁም፤ አንተም እንዳትረሳ። ግን አንዲት እናት በር ከፍተው ፎቶውን አዩና “ልጄ፣ እኛ ከወታደር ሸሽተን አይደል እንዴ የመጣነው?” አሉኝ። መልስ አጣሁ። ፈረንጆቹ ጋ ስሄድ ደግሞ “ቴንክ ዩ ፎር ዩር ሰርቪስ” ብለው በፈገግታ በሩን ይዘጋሉ። ስለምን ልትወዳደር ነው ያለኝ የለም።

የረዳኝ ሌላ ነገር ነው። በ2019 ቨርጂኒያ ሜዲኬድን (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች የሚሰጠውን የመንግሥት የሕክምና መድን) ስታሰፋ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ላፕቶፕ ይዤ እቀመጥ ነበር። የታክሲ ሾፌሩ፣ የፓርኪንግ ሠራተኛው፣ ልጅ የምትጠብቀዋ እየመጡ ፎርም እሞላላቸዋለሁ። ስለ ምርጫ ያኔ ሐሳቡም አልነበረኝም። ከአራት ዓመት በኋላ በር ሳንኳኳ “አንተ ያ ፎርም የምትሞላው ልጅ አይደለህም?” ያሉኝ ሰዎች ቁጭ አድርገው ቡና አጠጡኝ። ከድምፄ አብዛኛው የመጣው ከነሱ ቤት ነው ብል አልዋሸሁም። አንሶ ነው እንጂ!

ያ ሜዲኬድም እንዲሁ አልመጣም። በ2017 ምርጫ ዴሞክራቶቹ 15 ወንበር ጨመሩ፤ 100 መቀመጫ ያለው ምክር ቤት ሪፐብሊካን 51፣ ዴሞክራት 49 ሆነ። ኒውፖርት ኒውስ ላይ ሁለቱ እጩዎች እኩል 11,608 ድምፅ አግኝተው ስማቸው ሳህን ውስጥ ተደርጎ ዕጣ ወጣ። ዕጣው ለሪፐብሊካኑ ደረሰ። ቢሆንም ልዩነቱ እንዲያ ከጠበበ በኋላ በ2018 ሕጉ አለፈ። “የኔ አንድ ድምፅ ምን ያመጣል” ለሚልህ ሐበሻ ይህን ሳህን ንገረው። እኔ ላይ ሠርቷል።

የኮሚቴዋ

ሳጅን የዘለለውን ልጨምር። እኔ የካውንቲው ዴሞክራቲክ ኮሚቴ አባል ነኝ። በየምርጫው ሰሞን ፊቱን አይተነው የማናውቀው ሰው መጥቶ “እጩ ነኝ” ይለናል። እንደዚያ አትሁን። ከአሁኑ ና፤ ለሌላ እጩ በር አንኳኳ፣ በምርጫ ቀን ወረቀት አድል። ፕራይመሪው ላይ ለመቅረብ በወረዳህ ከተመዘገቡ መራጮች 125 ፊርማ ያስፈልግሃል። ከዚያ አስበልጠህ ሰብስብ፤ የማይሠራ ፊርማ አይጠፋም። ቨርጂኒያ ውስጥ በፓርቲ መመዝገብ ስለሌለ ማንም መራጭ በፕራይመሪው መምረጥ ይችላል። ሐበሻው ግን በኖቬምበር እንጂ በጁን ምርጫ እንዳለ አያውቅም። በብዙ ሰፈሮቻችን የአንድ ፓርቲ ደጋፊ ስለሚበዛ ነገሩ የሚያልቀው በጁን ነው፣ ወንድሜ።

ኮንቮይ

እኔም አርሚ ነበርኩ። አንድ ምክር ብቻ፦ ኩዌት መጋዘን ከነበርክ “ኩዌት መጋዘን ነበርኩ” በል። በ2024 የዴሞክራቶቹ የምክትል ፕሬዚዳንት እጩ ቲም ዋልዝ ላይ የሆነውን አይተሃል። 24 ዓመት ናሽናል ጋርድ ያገለገለ ሰው ነው። ግን በጦርነት መሣሪያ እንደያዘ የሚያስመስል ንግግር ስላመለጠው፣ በጡረታ ማዕረጉም ላይ ጥያቄ ስለተነሣ፣ ሳምንቱን ሙሉ ስለ ሌላ ነገር መናገር አልቻለም።

ሌላው፣ በጎ ሥራ ብለህ የቬተራን ክሌም (የቀድሞ ወታደር የጥቅማጥቅም ማመልከቻ) ለሰው እንዳታዘጋጅ። እውቅና ይጠይቃል። የቨርጂኒያ ቬተራንስ ሰርቪስ መሥሪያ ቤት በነፃ ይሠራል፤ ሰውየውን በመኪናህ አድርሰው። እሱም ትልቅ አገልግሎት ነው።

ሰፕላይ34

እግዜር ይስጥልኝ። ሃች አክቱን ሳነብ አመሸሁ፤ ሳጅን ያለው ልክ ነው። ልጅ ስላለኝ ሥራዬን ዘንድሮ አለቅም። 2027 ይደርሳል ወይስ አይደርስም የሚለውን ከባለቤቴ ጋር እየተነጋገርን ነው። የኩዌቱን ፎቶም አውርጄዋለሁ።

የኮሚቴዋ እህቴ፣ የፊርማውን ነገር ስትነግሪኝ “አንደኛ የሚፈርመው አባቴ ነው” ብዬ ፎከርኩ። ከዚያ ብጠይቀው ዜጋ ከሆነ ዘጠኝ ዓመቱ፣ መራጭ ሆኖ ግን ተመዝግቦ አያውቅም። ቅዳሜ ይዤው እሄዳለሁ። እናቴም “እኔስ?” ብላለች።