ለአናፖሊስ የሚወዳደረው ሰው ሦስት ቃል ገብቷል፤ ሦስቱ አብረው ይሄዳሉ ወይ?

ጠያቂው (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦
እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ በር ላይ በራሪ ወረቀት ሰጡኝ። በእኛ ወረዳ ለሜሪላንድ የተወካዮች ምክር ቤት፣ ማለትም አናፖሊስ ለሚቀመጠው የስቴቱ ምክር ቤት የሚወዳደር ዴሞክራት ነው። ስሙን አልጽፍም። ላስተዋውቀውም ላዋርደውም አልፈልግም። አንዱ ገጽ አማርኛ ነው። በማሽን ሳያስተረጉሙት አልቀሩም፣ «የመንግሥት ወጪ» የሚለው «የመንግሥት መውጫ» ሆኗል። ሐሳቡ ግን ይገባል።

በወጪ ጉዳይ፦ አዲስ ታክስ አልደግፍም፣ በአይቲ አገልግሎት ላይ የመጣውን 3 በመቶ ታክስ አስነሳለሁ ይላል። በሥራ ጉዳይ፦ ከፌደራል መሥሪያ ቤት የተቀነሱትን ስቴቱ እንዲቀጥራቸው አደርጋለሁ፣ ለአነስተኛ ንግዶችም ቢሮክራሲውን አቀላለሁ። በትምህርት፦ ብሉፕሪንት የሚባለው የትምህርት ሕግ ገንዘብ እስኪገኝለት ረገብ ይበል፣ ፕሪኬ (የሦስትና የአራት ዓመት ልጆች ትምህርት) ግን አይነካም።

ለማያውቅ ሰው ባጭሩ፦ ብሉፕሪንትን ምክር ቤቱ በ2020 አሳለፈው። የዚያን ጊዜው ገዥ ሆገን ውድቅ አደረጉት። በ2021 ምክር ቤቱ ውድቅ ማድረጊያውን ሽሮ ሕግ አደረገው። ለአስር ዓመት እያደገ የሚሄድ የትምህርት ወጪ ነው፤ ሙሉ ሲሆን በዓመት ተጨማሪ 3.8 ቢሊዮን ዶላር ይፈልጋል። በ2025 ደግሞ ስቴቱ ከ3 ቢሊዮን በላይ የበጀት ጉድለት ገጠመው። ቆረጡም፣ ታክስም ጨመሩ። የአይቲው 3 በመቶ የመጣው ያኔ ነው።

ጥያቄዬ አንድ ነው። ሦስቱ አብረው ይሄዳሉ? ተከራከሩ፣ ግን አትሰዳደቡ።

ኮንትራክተሩ (ጀርመንታውን)፦
እኔ እመርጠዋለሁ። ምክንያቴን ልናገር።

12 ዓመት በፌደራል ኮንትራት ሠርቻለሁ። በ2025 መጋቢት ላይ ኮንትራቱ ተቆረጠ። ሰኞ ጠዋት ስብሰባ ጠሩን፣ ከሰዓት ላፕቶፑን በካርቶን አድርገን መለስን። ከዚያ የራሴን ትንሽ ድርጅት ከፈትኩ። ሁለት የጥርስ ሐኪሞች፣ አንድ የሒሳብ ባለሙያ፣ አንድ የጭነት ድርጅት ኔትዎርካቸውን እጠብቅላቸዋለሁ። ሐምሌ ላይ 3 በመቶው መጣ። ደንበኛው ነው የሚከፍለው ይላሉ። በወረቀት ላይ እውነት ነው። የጥርስ ሐኪሙ ግን ደውሎ «ዋጋ ቀንስልኝና ያው ይሁን» አለኝ። ቀነስኩ። ምን ላድርግ? ታክሱን የከፈልኩት እኔ ነኝ።

ድልድዩን ስትሻገር ቨርጂኒያ ነው። እዚያ ይህ ታክስ የለም። በግንቦት 2025 ደግሞ የብድር ደረጃ የሚሰጠው ድርጅት ሙዲስ የሜሪላንድን የብድር ደረጃ ከከፍተኛው አንድ እርከን አወረደው። ረገብ በሉ የሚል ሰው ምክር ቤት ቢገባ ምን ይጎዳል?

መምህርቷ (ሮክቪል)፦
ወንድሜ ስለ ሥራህ አዝኛለሁ፣ ከልቤ። ግን «ረገብ ይበል» የምትሉት ነገር ምን እንደሆነ እኔ ክፍል መጥታችሁ እዩት።

እንግሊዝኛ ገና የሚማሩ ልጆችን ነው የማስተምረው። ጥቅምት ላይ ከአዲስ አበባ የመጣ የ4ኛ ክፍል ልጅ ገባልኝ። ሒሳብ ላይ ከክፍሉ ሁሉ ይበልጣል። ጥያቄው በቁጥር ከሆነ ገና ሳልጨርስ መልሱን ይጽፋል። በዓረፍተ ነገር ሲሆን እርሳሱን አስቀምጦ መስኮት ያያል። ለዚህ ልጅ በቀን 20 ደቂቃ ለብቻው ያስፈልገዋል። 20 ደቂቃ የለኝም። ስለዚህ ምሳዬን እሱ ጠረጴዛ ላይ እበላለሁ። እሱ ዳቦውን ይዞ ያነባል፣ እኔ እያላመጥኩ አርመዋለሁ።

ሕጉ መምህር ከጊዜው 60 በመቶውን ክፍል ውስጥ እንዲያስተምር፣ ቀሪውን ለዝግጅትና እንዲህ ላለው ድጋፍ እንዲያውል ያስባል። በ2025 በመጀመሪያ የተገፋው እሱ ነው። ረገብ ማለት ይሄ ነው። ይህ ልጅ እስኪረገብ አይጠብቅም፣ በየዓመቱ ክፍል ያልፋል።

ደመወዙም አለ። ከሐምሌ 2026 ጀምሮ የጀማሪ መምህር ደመወዝ ቢያንስ 60,000 ዶላር እንዲሆን ሕጉ ያዛል። እሱንም ያረግበው ይሆን? ወረቀቱ ላይ የለም።

ጋሽ ታክሲ (ዊተን)፦
ልጆች ሰላም ነው። እኔ ምርጫ ሳይ የማየው ኪሴን ነው። የአውሮፕላን ማረፊያ ሥራ ነው የምሠራው። የመኪና መመዝገቢያ ታክሱ ከ6 በመቶ 6.5 ሆነ። 20,000 ዶላር መኪና ስትገዛ 1,200 ትከፍል የነበረው አሁን 1,300 ነው። ለሀብታም 100 ዶላር ምንም አይደለም። ለእኔ የሁለት ጊዜ ዘይት መቀየሪያ ነው።

በ35 ዓመት አሜሪካ ውስጥ «ታክስ አልጨምርም» ያላለ እጩ አላየሁም። ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ኮንትራክተሩ፦
ጋሼ፣ ታዲያ ከእኔ ጋር ነዎት ማለት ነው!

ጋሽ ታክሲ፦
ከማንም ጋር አይደለሁም። ምሳዋን ከልጁ ጋር የምትበላዋ ጋር ነኝ፣ ታክሱን ግን አልወደድኩትም። ሁለቱም ይቻላል።

ባለ ዴይኬሯ (በርተንስቪል)፦
እኔ «ፕሪኬ አይነካም» የሚለው ላይ ነው የምጣላው። ሁላችሁም ደግ ነገር አድርጋችሁ ስላለፋችሁት።

ቤቴ ውስጥ ልጅ እይዛለሁ። ፈቃዴ ለ8 ልጅ ነው። ከሁለት ዓመት በታች የሆኑ ከሁለት በላይ መያዝ አልችልም። አሁን ሒሳቡን አስቡት። ቤቱን የሚያቆመው የሦስትና የአራት ዓመት ልጆች ክፍያ ነው። ትምህርት ቤቱ ነፃ ፕሪኬ ሲከፍት መጀመሪያ የሚሄዱት እነሱ ናቸው። ለእናታቸው ደስ ይለኛል፣ እውነቴን ነው። ግን በእነሱ ቦታ ሕፃን ልተካ አልችልም፣ ሕጉ ሁለት ብሏል።

ብሉፕሪንት ይህን አልረሳውም። የፕሪኬ ቦታዎች በመንግሥት ትምህርት ቤት ብቻ ሳይሆን እንደ እኔ ባሉ የግል አቅራቢዎችም እንዲሰጡ ይላል። ገንዘቡ ከልጁ ጋር ይመጣል ማለት ነው። ታዲያ ለመግባት ኤክሴልስ በሚባለው የጥራት መለኪያ ቢያንስ 3ኛ ደረጃ መድረስ አለብህ። የማስተማር ብቃት ወረቀትም ይጠየቃል። እኔ አገር ቤት 9 ዓመት አስተምሬያለሁ። ያ ወረቀቴ እዚህ ሲገመገም ስንት እንደሚሆን ለማወቅ ብቻ ወራት ፈጀብኝ። ቀን ልጅ እይዛለሁ፣ ማታ ልጆቹ ሲሄዱ ምንጣፉን ጠርጌ ኦንላይን ክፍል እገባለሁ። ካሜራዬን አጥፍቼ ሽንኩርት የከተፍኩባቸው ቀናት አሉ።

እንግዲህ ይህ ሰው «ለአነስተኛ ንግዶች ቢሮክራሲውን አቀላለሁ» ሲል እኔን ነው የሚያወራው? ወይስ ሬስቶራንት ብቻ ነው ንግድ? በዚህ ከተማ ስንት የእኛ ሴቶች በቤታቸው ልጅ ይይዛሉ፣ አንድም ቀን ባለ ንግድ ብሎ የጠራን የለም።

መምህርቷ፦
እትዬ፣ የብቃት ወረቀቱ እንዲቀር ግን አትፈልጊም አይደል? ጥራቱ እኮ ለልጆቹ ነው።

ባለ ዴይኬሯ፦
እንዲቀር አላልኩም። ስማር የሚከፍልልኝና ጊዜ የሚሰጠኝ ይኑር ነው ያልኩት። መመዘኛውን ዝቅ አድርጉልኝ ያልኩ እንዳይመስልሽ፣ እሱ ስድብ ነው።

ፓርኩ (ታኮማ ፓርክ)፦
እኔ ገና ግሪን ካርድ ነኝ፣ ለስቴት አልመርጥም። ታኮማ ፓርክ ስለምኖር ለከተማ ምክር ቤት ግን እመርጣለሁ፤ እዚህ ዜጋ መሆን አይጠየቅም። የ16 ዓመት ልጄም ይመርጣል። እሱ በጣም ይኮራል፣ እኔን ያስተምረኛል።

ለማለት የፈለግኩት ዝቅተኛ ደመወዝን ነው። ወረቀቱ ላይ ስለ እሱ ምንም የለም። የስቴቱ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ2024 ጀምሮ 15 ዶላር ነው። የእኛ ሞንትጎመሪ ካውንቲ (ከስቴቱ በታች ያለው አስተዳደር) ግን ከዚያ በላይ ነው፤ ከ10 ሠራተኛ የማይበልጥ ቀጣሪ እንኳ ከ15 ዶላር በላይ ይከፍላል፣ ትልልቆቹ ከ17 በላይ። ስለዚህ ሰውየው በዚህ ላይ ምንም ቢል እኔ የምሠራበት ኩሽና ውስጥ ምንም አይለወጥም።

ጠያቂው፦
ፓርኩ ጥሩ መንገድ አሳየን። ማን ምን ላይ ሥልጣን እንዳለው ካላየን እጩውን ባልያዘው ነገር እንጠይቀዋለን። እስቲ እኔም ያጣራሁትን ላምጣ።

ምክር ቤቱ 141 ሰው ነው። ይህ ሰው ቢያሸንፍ አንዱ ነው። በዓመት የሚሰበሰቡት ለ90 ቀን ነው፣ ከጥር አጋማሽ ጀምሮ። በጀቱን የሚያዘጋጀው ገዥው ነው። ምክር ቤቱ ድሮ መቀነስ ብቻ ነበር የሚችለው። በ2020 ሕዝብ በድምፁ ሕገ መንግሥቱን አሻሽሎ ከቦታ ቦታ ማዛወርና መጨመርም ተፈቀደላቸው፣ ከገዥው ጠቅላላ ድምር ግን ማለፍ አይችሉም። በጀቱ ሚዛኑን የጠበቀ እንዲሆንም ሕገ መንግሥቱ ያስገድዳል። እንደ ዋሽንግተን ተበድረህ የምታልፈው አይደለም።

አሁን ወደ ሦስቱ ቃል። 3 በመቶውን ካነሳህ ቀዳዳ ይፈጠራል። አዲስ ታክስ የለም ካልክ በሌላ ታክስ አትሞላውም። ፕሪኬ አይነካም ካልክ ከትምህርት የሚቀረው መምህርና ድጋፍ ነው። በዚያ ላይ የተቀነሱትን ልቅጠር ብትል ደመወዝ ያስፈልጋል። ታዲያ ሒሳቡ የት ነው የሚያርፈው?

እኔ የሚመስለኝ ካውንቲው ላይ ነው። ይህ አዲስ አይደለም። በ2012 ስቴቱ ከመምህራን ጡረታ ወጪ ከፊሉን ወደ ካውንቲዎች አዛወረ። ስቴቱ «አልጨመርኩም» አለ፣ ካውንቲው ግን ከፈለ። በ2023 የእኛ ካውንቲ ምክር ቤት የቤት ታክስ 4.7 በመቶ ሲጨምር ለትምህርት ቤቶች ነው ያለው። ቤት ያለው በቀጥታ ከፈለ፣ የተከራየው ደግሞ ኪራይ ሲታደስ አየው። አናፖሊስ ላይ ረገብ ያለው ነገር የካውንቲው መቀመጫ ሮክቪል ላይ ይጠብቃል።

ኮንትራክተሩ፦
ይህን አላሰብኩትም ነበር። ግን ወንድሜ፣ ያንተ መንገድ መጨረሻው ሁልጊዜ «ክፈሉ» ነው። ሀብታሞቹ ላይ ጨመሩ እኮ፤ ከ500,000 ዶላር በላይ የሚያገኙት 6.25 በመቶ፣ ከሚሊዮን በላይ 6.5። እሺ። ያ ካልበቃ ቀጥሎ ማን ነው? እኔ ነኝ። የጥርስ ሐኪሙ አይደለም።

ጠያቂው፦
እውነትህን ነው፣ ይህን አልክድም። 3 በመቶው እንደ ካንተ ዓይነቱ ትንሽ ሰው ላይ መጥፎ ታክስ ነው ብዬ አምናለሁ። ይነሳ ቢል እደግፈዋለሁ። በምን እንደሚተካው ካላለ ግን አልሰማውም።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ። ሥራህ ሲቆም የሥራ አጥ ክፍያ ስንት አገኘህ?

ኮንትራክተሩ፦
430 በሳምንት። ከዚያ በላይ የለም አሉኝ። የቤት ብድሬ በወር 2,900 ነው።

ጠያቂው፦
ጣሪያው እሱ ነው። ያንን ጣሪያ የሚወስነው ማን ይመስልሃል? ይህ ምክር ቤት ነው። ስለ ሥራ ሁለት አንቀጽ የጻፈ ሰው ስለዚህ አንድ መስመር የለውም። ስቴቱ ይቅጠራቸው ይላል፤ ገዥው ሙርም በ2025 የተቀነሱትን ወደ መምህርነት የሚያመጣ ፕሮግራም ጀምረዋል፣ ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ግን አንድ የኔትዎርክ ባለሙያ መምህር እስኪሆን ድረስ ምን ይበላል?

መምህርቷ፦
እኛ ትምህርት ቤት አንድ እንደዚያ የመጣ አለ። ጎበዝ ነው። መጀመሪያ ሳምንት ልጆቹ አስለቀሱት፣ አሁን እሱ ነው የሚያስለቅሳቸው። 😄

ጋሽ ታክሲ፦
ይህ ሰው ሐሙስ ማታ ቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ይመጣል፣ ወረቀቱ ጀርባ ላይ አለ። እኔ በዚህ አገር ሰዓት ከ6 በኋላ ነፃ ነኝ። ማን ይሄዳል?

ባለ ዴይኬሯ፦
የመጨረሻው ልጅ 6 ተኩል ነው የሚወሰደው። እናትየው ካላረፈደች እደርሳለሁ። ጥያቄዬን ግን አሁን ያዙልኝ፦ የግል ፕሪኬ አቅራቢ ለመሆን ለምንማረው ማን ይከፍላል?

መምህርቷ፦
የኔ፦ «ረገብ» ስትል የትኛውን አንቀጽ ነው? በስሙ ይጥራው።

ኮንትራክተሩ፦
430ውን እኔ እጠይቃለሁ። 3 በመቶውንም አልተውም።

ጠያቂው፦
የካውንቲው የኔ ነው። ጋሼስ?

ጋሽ ታክሲ፦
እኔ የመንግሥት መውጫው የት እንደሆነ እጠይቀዋለሁ። መኪናዬ አራት ሰው ይይዛል፣ ዊተን ሜትሮ ጋ 6 ሰዓት ተኩል እቆማለሁ። ቤንዚን የራሳችሁ ነው።