የሃይሉክስ 1ኬዲ ቱርቦ ዘንግ ተሰበረ፤ አዲሱ ከመታሰሩ በፊት ምን ይፈተሽ?

ቀይ_ፒካፕ
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናው ሃይሉክስ 3.0 ዲ4ዲ ነው፤ ሞተሩ 1ኬዲ፣ 310 ሺህ ኪሎ ሜትር የሄደ፤ የሚሠራው አዲስ አበባና ዙሪያዋን ነው። መጀመሪያ ነዳጅ ሲረገጥ እንደ ሳይረን ያለ ፉጨት አመጣ፤ ከዚያ በአንድ ጊዜ ጉልበት አጣና ሰማያዊ ጭስ ለቀቀ። ቱርቦው (በጭሱ ግፊት ተሽከርክሮ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው) ወርዷል፤ ዘንጉ በጭስ በኩል ተሰብሯል። ጋራዡ «ካርትሪጅ (ዘንጉንና ፋኖቹን የያዘውን መሃሉን) ቀይረን እንሰር» ይላል፤ ሌሎች ደግሞ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ይገኛል ይላሉ። የዘይት መብራት አንድም ቀን አልበራም። ሌላው፣ ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፍ ብቻ ሲከፈት ስካነሩ የማኒፎልድ (አየር ወደ ሲሊንደሮቹ የሚገባበት) ግፊት 77 ኪሎ ፓስካል ያሳያል፤ መጽሐፉ ላይ ግን 101 ገደማ ነው የሚለው። ሴንሰሩ ሞቷል ማለት ነው? አዲስ ቱርቦ ከመግዛቴ በፊት ምን ምን ላስፈትሽ?

ናፍጣ_ሞተር
ወንድሜ፣ ገንዘብህን ገና አታውጣ። ቱርቦ በራሱ ጉድለት የሚሞተው ከስንት አንዴ ነው። ምክንያቱ ሞተሩ ውስጥ ካለና ካልተነካ አዲሱም በዚያው መንገድ ይሄዳል፤ አንዳንዴ ከጋራዡ በር ሳይርቅ። የወረደውን ቱርቦ እንዳይጥሉብህ፤ ማስረጃው እሱ ላይ ነው።

መጀመሪያ ዘንጉን በጨርቅ ጠርገህ በደንብ ብርሃን እየው። ወደ ሰማያዊ ወይም ጥቁር ከተቀየረ፣ የኩሽኔታውም (ዘንጉ የሚሽከረከርበት ማቀፊያ) ብረት ቀልጦ ከተለጠፈበት ዘይት አልደረሰውም ማለት ነው። ይህ ዘንግ በደቂቃ ከ100 ሺህ ዙር በላይ ይሽከረከራል፤ ከኩሽኔታው የሚለየው ስስ የዘይት ሽፋን ብቻ ስለሆነ፣ ዘይቱ ለጥቂት ሰከንድ ቢቋረጥ ይበቃዋል። ቀለሙ ሳይቀየር ዙሪያውን ቀጫጭን ጭረት ካለበት ግን ዘይቱ ደርሷል፤ የደረሰው ቆሻሻ ዘይት ነው፤ ጥላሸት፣ አሸዋ ወይም የብረት ብናኝ የያዘ።

ቀጥሎ ሁለቱን ፋኖች ተመልከት። በአየር በኩል ያለው ፋን የክንፎቹ ጫፍ ተጎራርዶ ወይም ተጣሞ ከሆነ አንድ ነገር በአየር መስመሩ ገብቷል፤ ዳዶ፣ የጨርቅ ቁራጭ፣ የተሰበረ ክላምፕ። ክንፎቹ ሳይጎራረዱ በብርጭቆ ወረቀት እንደታሸ ከሳሱ አቧራ ነው የበላቸው፤ የአየር ፊልትሮውና ከፊልትሮው እስከ ቱርቦ ያለው ጎማ ቱቦ ይፈተሽ። በፒስታ መንገድ የሚሠራ መኪና ላይ ይህ በብዛት ያጋጥማል። በመጠን ትንሽ ያነሰ አስመስሎ የተሠራ ፊልትሮ ቤቱ ላይ በደንብ ስለማይገጥም አቧራው በጎን ያልፋል። በጭስ በኩል ያለው ፋን መግቢያው ላይ ከተመታ ደግሞ ብረቱ የመጣው ከሲሊንደር ነው፤ የግሎው ፕላግ (ሲሊንደሩን የሚያሞቀው) ወይም የኢንጀክተር (ነዳጅ የሚረጨው) ጫፍ፣ የቫልቭ ስባሪ። ያን ጊዜ ኮምፕሬሽን (የሲሊንደሩ የመጭመቅ ግፊት) ሳይለካ ምንም አይታሰርም።

ዘንጉ ሳይሰበር ቱርቦው በሁለቱም በኩል ዘይት የሚተፋ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። የዘይት መመለሻው ተደፍኗል፣ ወይም ሞተሩ ውስጥ የታፈነ ግፊት አለ። ቱርቦው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ብዙ ሰው የሚጥለው እዚህ ላይ ነው።

ሮንዴላ
ናፍጣ_ሞተር ያለው ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔ ግን 1ኬዲ ላይ ፍተሻውን ከታች ነው የምጀምረው። በዚህ ሞተር ላይ በሰፊው የታወቀ ሰንሰለት አለ። በኢንጀክተሩ ግርጌ ያለችው የመዳብ ሮንዴላ ስታረጅ የቃጠሎው ጋዝ በጎኗ ያመልጣል፤ ጋዙ ጥላሸቱን ይዞ ዘይቱ ውስጥ ይገባል፤ ጥላሸቱ ይጠጥርና ኦይል ፓን (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ገንዳ) ውስጥ ያለውን የዘይት መምጠጫ ወንፊት ይደፍናል። ፓምፑ ቢጎተጉትም ዘይት አያገኝም። መጀመሪያ የሚሞተው ቱርቦው ነው፤ ቀጥሎ የክራንክ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ኩሽኔታዎች። ስለዚህ ቱርቦው ቀድሞ በመሰበሩ ሞተርህ ተርፎ ሊሆን ይችላል።

የዘይት መብራት አለመብራቱ ዋስትና አይሆንም። መብራቱ የሚበራው ግፊቱ ሊያልቅ ሲል ነው፤ ቱርቦው ከዚያ በፊት ተጎድቷል። የመብራቱን ሴንሰር አስፈትተህ በቦታው የእጅ ጌጅ አሳስር፤ ዘይቱ በደንብ ሞቆ 3000 ዙር ላይ 2.5 ባር ካልደረሰ ችግር አለ። አሁን ቱርቦው ስለወረደ ሞተሩን ማስነሳት ስለማይቻል ይህን ለኋላ ተወውና ኦይል ፓኑን አስፈታ። ሞተር ሳይወርድ የሚሠራ ሥራ ነው። የድሮውን የዘይት ፊልትሮም ቆርጠህ ወረቀቱን ዘርጋው፤ የሚያብለጨልጭ ብናኝ ካለ ማግኔት አስጠጋ። ማግኔቱ የማይስበው የመዳብ ቀለም ያለው ብናኝ የኩሽኔታ ነው፤ የቱርቦው ይሁን የክራንኩ ለመለየት የኮኔክቲንግ ሮድ ካፕ አንድ ሁለቱ ተፈትቶ ይታይ።

የኢንጀክተሮቹን ዙሪያም ሳታይ አትለፍ። እንደ ሬንጅ የደረቀ ጥቁር ነገር የተጠራቀመበት ኢንጀክተር የሚያፈስ እሱ ነው። ሮንዴላው ሲቀየር መቀመጫው እስኪነጣ ይጸዳ፤ ካርቦን ላይ የተቀመጠ አዲስ ሮንዴላ ያው ያፈሳል። ያሉት ኢንጀክተሮች በየሲሊንደራቸው ከተመለሱ ኮድ አያስፈልግም፤ አዲስ ከገባ ግን በላዩ የተጻፈው ኮድ ኮምፒውተሩ ውስጥ መግባት አለበት።

ደጋ_መንገድ
ስለ 77ቱ፦ ሴንሰሩ ደህና ነው። የሚያሳየው የከባቢ አየር ግፊት ነው። 101 ኪሎ ፓስካል የባህር ጠለል ቁጥር ነው፤ አዲስ አበባ 2,300 ሜትር አካባቢ ስለሆነች 76፣ 77 ትክክል ነው፤ አዳማ ብትወርድ 83 ገደማ ያሳይሃል። በዚህ ተደናግጦ ሴንሰር የሚቀይር ብዙ ነው።

ከፍታው ለቱርቦው ራሱም ትርጉም አለው። አየሩ ስስ ስለሆነ ያንኑ ግፊት ለመስጠት ከቆላው ይበልጥ መሽከርከር አለበት። በዚያ ላይ የኢንተርኩለር (ከቱርቦው የሚወጣውን አየር የሚያቀዘቅዘው) ቱቦ ተሰንጥቆ አየር ካመለጠ ቱርቦው ከአቅሙ በላይ ይሮጣል። ፉጨቱ ከዚያም ሊሆን ስለሚችል፣ መስመሩን በሙሉ አዘግተህ 1 ባር በማይበልጥ አየር በሳሙና ውሃ አስፈትሽ። ዳገት እንደወጡ ወዲያው ማጥፋትም አለ፤ የአባይን በረሃ ወጥቶ ደጀን ላይ ቀጥ አድርጎ ቁልፍ መዝጋት በጋለው ኩሽኔታ ውስጥ የቀረውን ዘይት ወደ ካርቦን ይቀይረዋል። አንድ ሁለት ደቂቃ በሚኒሞ ይቆይ።

ቀይ_ፒካፕ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኦይል ፓኑ ተፈታ፤ ወንፊቱ ከግማሽ በላይ በጥቁር ጠጣር ተደፍኗል። ዘንጉ ሰማያዊ ነው። የሦስተኛው ኢንጀክተር ዙሪያ ሬንጅ የመሰለ ነገር አለበት። የክራንክ ኩሽኔታ ሁለቱ ታይተው ደህና ናቸው። የአየር ፋኑ ግን ሁለት ክንፍ ጎድሎታል። የቀረው አገጣጠሙ ነው።

ሮንዴላ
እንግዲህ ምክንያቱ ተገኘ፤ ወንፊቱ ተደፍኖ ቱርቦው ዘይት አጥቷል። አራቱም ሮንዴላ ይቀየር፤ አንዷ ካረጀች ሌሎቹም እኩያዋ ናቸው። ወንፊቱን በነዳጅ አጥቦ ከመመለስ በአዲስ መተካት ይሻላል።

የጎደሉት ክንፎች የት እንዳሉ ሳይታወቅ ሞተሩ አይነሳ። ኢንተርኩለሩ ወርዶ በነዳጅ ይታጠብ፣ ይገልበጥ፣ ይንጠፍጠፍ፣ በአየር ይነፋ። ብረት ከቀረ ወደ ሲሊንደር ይሄዳል። ዘይት ከቀረ ደግሞ የከፋ ነው፤ ናፍጣ ሞተር የራሱን ዘይት እያቃጠለ ከቁጥጥር ሊወጣና ቁልፍ ቢዘጋም ላይቆም ይችላል።

ወደ ቱርቦው የሚሄደው ቀጭን የዘይት ቱቦ በአዲስ ይተካ፤ ውስጡ የተጋገረው ካርቦን በመንፋት አይወጣም። መመለሻው ግን ሰፊ ስለሆነ መታጠብ ይበቃዋል። በሁለቱም ጫፍ ጋስኬት እንጂ ሲሊኮን አይነካ፤ ተጨምቆ ወደ ውስጥ የገባ ሲሊኮን ቀዳዳውን ይዘጋል።

ሲታሰር በዘይት መግቢያው ንጹሕ ዘይት ጨምረህ ፋኑን በእጅህ አዙረው። ከዚያ የኢንጀክተሮቹ ሶኬት ተነቅሎ፣ መመለሻው ሳይታሰር ሥሩ ጠርሙስ ተደርጎ፣ በ10 በ10 ሰከንድ በሞተሪኖ ብቻ ይዙር። ዘይት ሳይመለስ ሞተሩ አይነሳም። ከተነሳ በኋላ በሚኒሞ አምስት ደቂቃ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ፤ የእጅ ጌጁም ያኔ ይነበብ።

ናፍጣ_ሞተር
ስለ ምርጫው አንድ ነገር ልጨምር። የዚህ ቱርቦ ክንፍ ማስተካከያ (የፋኑን ክንፎች ሳይሆን በጭስ በኩል በፋኑ ዙሪያ ያሉትን ተንቀሳቃሽ ክንፎች የሚከፍትና የሚዘጋው) በኤሌክትሪክ ሞተር የሚንቀሳቀስ ነው፤ የመዝጊያ ልኩ ፋብሪካ ላይ በማሽን ተስተካክሏል። ካርትሪጅ ብቻ ከተቀየረ ልኩን በማሽን የሚያረጋግጥ ቤት ካልሆነ አልመክርህም፤ የማቆሚያዋንም ብሎን ማንም እንዳይነካት። ያገለገለ ከገዛህ ዘንጉን ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግፋው። ወደ ጎን ትንሽ መላወስ ያለ ነው፤ ወደ ፊትና ኋላ በእጅ የሚሰማ ክፍተት ካለው ግን ተወው።

ዘይትና ፊልትሮውን አሁን ቀይረህ 1,000 ኪሎ ሜትር ላይ እንደገና ቀይር። ሞተሩ ውስጥ የተጋገረው ጥላሸት በአንድ ጊዜ አይወጣም፤ ያን ጊዜ የምታወጣውንም ፊልትሮ ቆርጠህ እየው።