«በራሱ ጊዜ ሞተ» ነው ያለው?

ኮንጋ መቺው፦ ትናንት ታክሲ ውስጥ በሬዲዮ አንዱ ስለ ላቲን ሙዚቃ ያወራል። «ቡጋሉ የሁለት ሦስት ዓመት ፋሽን ነበር፤ በራሱ ጊዜ ሞተ፤ ከዚያ ሳልሳ መጣ» ብሎ አለፈ። የላቲንን ምት ከጥቁሮች ሶል ሙዚቃ ጋር ቀላቅለው ቡጋሉን የፈጠሩትን የኒው ዮርክ የምሥራቅ ሃርለም ልጆች በአንድ ትንፋሽ ቀብሮ ወደ ማስታወቂያ ገባ!

የሳልሳ ሰው፦ ምን አጠፋ? እ.ኤ.አ. በ1966 ጆ ኩባ «ባንግ ባንግ»ን አወጣ፣ ሁሉም ተንጋጋ፣ በ1970 ገደማ ጸጥ። ፋሽን ሌላ ምንድን ነው?

ኮንጋ መቺው፦ ፋሽኑን ተወው። «በራሱ ጊዜ» የምትለዋ ናት ያቃጠለችኝ። ኒው ዮርክ ያደጉ የፖርቶ ሪኮ ልጆች ከጥቁር ጎረቤቶቻቸው ጋር ሶል እየሰሙ ነው ያደጉት። አዲስ ሙዚቃ ይመጣበት የነበረው የኩባ መንገድ ተዘግቶ ነበር። ማምቦ የሚጨፈርበት ትልቁ አዳራሽ ፓላዲየምም በ1966 ተዘጋ። እነሱ ኮንጋውን ከሶል ጋር ቀላቅለው፣ በእንግሊዝኛ ዘፍነው፣ በጭብጨባ አጅበው ሰዉን መድረክ ላይ መለሱት። ታላላቆቹ የላቲን ሙዚቀኞች ደግሞ «ይሄ የልጆች ጨዋታ ነው» ብለው ናቁ። ከወጣቶቹ አንዳንዶቹ የአዳራሽ ሥራ ተከለከልን ብለው ተናግረዋል።

የሳልሳ ሰው፦ የተሸነፈ ሁሉ «ገደሉኝ» ይላል። የቡጋሉውን ዘፋኝ ጆ ባታንን ያሳተመው ማን ነው? ራሱ የሳልሳው ሸክላ ኩባንያ ፋኒያ! ገዳይ ሸክላ ያሳትማል?

ዲሲ 14ኛ መንገድ፦ ናቁት ያልከውም እኮ ግማሹ ነው። ከታላላቆቹ ኤዲ ፓልሚዬሪም ቲቶ ፑዌንቴም ቡጋሉ ተጫውተዋል።

ኮንጋ መቺው፦ እየተጠየፉ በሉ በለኛ! ባታንም ቢሆን ኋላ ፋኒያን ጥሎ ወጥቷል።

ሸገር ልጅ፦ ሙላቱ አስታጥቄስ? በዚያው በ1966 ኒው ዮርክ ላይ «አፍሮ ላቲን ሶል»ን ሲሠራ አብረውት የተጫወቱት የፖርቶ ሪኮ ልጆች ነበሩ።

የሳልሳ ሰው፦ መጣ ደግሞ። ምንም ነገር ቢነሳ እኛ ጋ ጎትቱት። እሱ ላቲን ጃዝ ነው እንጂ ቡጋሉ አይደለም።

ሸገር ልጅ፦ ቡጋሉ ነው ወጣኝ? ያው ዓመት፣ ያው ከተማ አልኩ። ቀስ ብለህ አንብብ እስቲ።

እትዬ ማምቦ፦ ልጆች፣ ከሞተስ በ2018 ራፐሯን ካርዲ ቢን በአሜሪካ የዘፈን ደረጃ ቢልቦርድ ላይ አንደኛ ያወጣት ምንድን ነው? ቆርጣ ዘፈኗ ውስጥ ያስገባችው የ1967ቱ የፒት ሮድሪገስ ቡጋሉ አይደል?

የሳልሳ ሰው፦ እትዬ፣ ከሬሳ ላይ ኮት መግፈፍ ትንሣኤ አይባልም። ስንቱ ጨፋሪ ነው ፒት ሮድሪገስ የሚባል ሰው መኖሩን የሚያውቀው?

ዲሲ 14ኛ መንገድ፦ ለነገሩ ድምፁ የቶኒ ፓቦን ነው። ሮድሪገስ ባንድ መሪው ነው።

የሳልሳ ሰው፦ አያችሁ? እርስ በርሳችሁ እንኳን አልተስማማችሁም።

እትዬ ማምቦ፦ «ሬሳ» ነው ያልከው አንተ ልጅ? ባታን እኮ ሸምግሎም መድረክ ላይ ዘፍኗል። ባለፈው ልደት ላይ ያቺ ፒያኖ ስትጀምር ከወንበር የዘለለው ማን ነበር?

የሳልሳ ሰው፦ እትዬ፣ ያ የኩባው ዳንስ ቻቻቻ ነበር።

ኮንጋ መቺው፦ ቻቻቻ ነበር ይላል! ቡጋሉው ከቻቻቻ አይደል እንዴ የተወለደው?

የሳልሳ ሰው፦ እንግዲያውስ ስሙን በቀየረ ቁጥር ልናለቅስለት ነው?

ሸገር ልጅ፦ እኔ አሁንም ስለ ሙላቱ መልስ አላገኘሁም።